ማዘርቦርድ ስፈትሽ ከስክሪኑ በፊት የማየው የዋት መለኪያውን ነው

ማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ፣ መፈተሽ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ምስል መጣ ወይስ አልመጣም? ከመጣ «ይሠራል» ይባላል። ካልመጣ «ሞቷል» ተብሎ ይጣላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምስል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቦርዱ ብዙ ደረጃ ያልፋል። እያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ የሚወስደው መብራት የተለያየ ነው። ሶኬቱ ላይ ትንሽ የዋት መለኪያ ከሰካችሁ ቦርዱ የት ድረስ ሄዶ እንደቆመ ከቁጥሩ ማወቅ ትችላላችሁ። በዚህ መንገድ «ሞቷል» ከተባሉ ቦርዶች መሃል ብዙዎቹ ጤነኛ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ለምሳሌ የምወስደው በቅርቡ የገጣጠምኩትን ኮምፒውተር ነው። የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ያዘዙኝ ነው። ቦርዱ ኤች 110 የሚባል ቺፕሴት (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ያለው ያገለገለ ቦርድ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5-6500፣ ራሙ 8 ጊጋ ዲዲአር 4፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው። የግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ምስሉ የሚወጣው ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩን ኢንቴል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ቢሆንም ለጽሕፈት ሥራ ዛሬም ከበቂ በላይ ነው። እኚህ እናት ሲያዙኝ ስለ ፍጥነቱ አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ካርዴን ይበላብኛል ወይ?» ነው ያሉኝ። የቆጣሪ ካርዳቸውን ማለታቸው ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚገኘው ከዚሁ ከፍተሻው ነው።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም። ካቻቢቴ፣ መልቲሜትር፣ ጤናማ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለቦርዱ በሚሆን ቮልቴጅ የሚቀይረው ሳጥን)፣ አንድ ራም፣ ተርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት)፣ ባዶ ካርቶንና የዋት መለኪያ ይበቃሉ። መለኪያዋን ስትገዙ ከዋት በተጨማሪ ፓወር ፋክተር፣ ማለትም ከሚሳበው ከረንት ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል፣ የምታሳየውን ምረጡ። ቤት እንደገባች በአሮጌው ዓይነት ባለ 60 ዋት አምፖል ሞክሯት። ቮልቴጁ 220 አካባቢ ከሆነ ወደ 60 የሚጠጋ ዋትና 1 የሆነ ፓወር ፋክተር ማሳየት አለባት። ርካሾቹ ከ5 ዋት በታች ሲሆን ብዙም አይታመኑም። ከዚያ በላይ ግን ለዚህ ሥራ ይበቃሉ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሶኬቱ የኧርዝ መስመር፣ ማለትም የሚያፈስ መብራት ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ እንዳለው አረጋግጡ። ብዙ ቤት ውስጥ ማከፋፈያው የኧርዝ ቆርቆሮ አለው፤ ግድግዳው ውስጥ ግን ሽቦው የለም። የኮምፒውተር ኬዝ ሲነኩት የሚነዝረው በዚህ ምክንያት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች (መብራት የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ኧርዝ ሲያጡ የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ኬዙ ላይ ያሳርፋሉ። ከረንቱ ትንሽ ነው። ግን ኧርዝ ካለው ሌላ ዕቃ ጋር ገመድ ስታገናኙ የኤችዲኤምአይ ወይም የዩኤስቢ ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ስታቲክም፣ ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው መብራት፣ ይብሳል። ቦርዱን ከመያዛችሁ በፊት ኧርዝ ያለው ብረት ንኩ፤ ሹራባችሁንም አውልቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የራሳቸው ዓይነት የፓወር ሶኬት አላቸው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 እና 9020 ቦርዶች ዋናው ሶኬታቸው ባለ 8 ፒን ነው። 12 ቮልት ብቻ ተቀብለው 5 እና 3.3 ቮልቱን ራሳቸው ይሠራሉ። ከፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ገመድ ጋር በቁጥር ስለሚመሳሰል በጉልበት ለመሰካት የሚሞክር አለ። አታድርጉት። ወይ የራሱን ፓወር ሰፕላይ፣ ወይ ለዚያው ሞዴል የተሠራ አዳፕተር ተጠቀሙ። ከዚህ በታች የምጽፈው ባለ 24 ፒን ሶኬት ስላለው የተለመደው ቦርድ ነው።

መጀመሪያ የሚፈተሸው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ያውም ከቦርዱ ተነጥሎ። በታመመ ፓወር ሰፕላይ ጤነኛ ቦርድ መፈተሽ ቦርዱን መግደል ነው። አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰኩበት፤ ያለ ምንም ጭነት የሚያስቸግሩ ፓወር ሰፕላዮች አሉ። ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ ሐምራዊውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ለኩ። ማሽኑ ሳይነሳም 5 ቮልት መኖር አለበት። ተጠባባቂው መስመር ይህ ነው፤ ቦርዱ ቁልፉን የሚጠብቀው በእሱ ነው። ከዚያ በትንሽ ሽቦ አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር አገናኙ። ፋኑ ይዞራል። አሁን ሌሎቹን ለኩ። ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት መሆን አለበት። ግራጫው «ፓወሩ ደህና ነው» ብሎ ለቦርዱ የሚናገረው ምልክት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ይወጣል። ሌሎቹ ሁሉ ልክ ሆነው ግራጫው ዜሮ ከሆነ ቦርዱ በፍጹም አይነሳም። ብዙ ሰው ግን እሱን መለካት ይረሳል። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ አረንጓዴው በ24ቱ ሶኬት 16ኛው ፒን ነው።

ፓወር ሰፕላዩን ግን አትክፈቱት። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሊቆይበት ይችላል።

ቀጥሎ ቦርዱን በዓይን እዩ። አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉ ቦርዱ ጥገና ይፈልጋል። የፕሮሰሰሩን ሶኬት በስልክ መብራት ከጎን አብርታችሁ ተመልከቱ። የዚህ ፕሮሰሰር ሶኬት በሆነው በኤልጂኤ 1151 ፒኖቹ ያሉት ቦርዱ ላይ ነው። አንዷ እንኳ ከተጣመመች የብርሃኑ ረድፍ እዚያ ላይ ይሰበራል። ያገለገለ ቦርድ ከመርካቶ ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ የሶኬቱ መሸፈኛ ካለም አስነሡት። ከዚያ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የፕሮሰሰሩን 12 ቮልት ሶኬት ከግራውንድ፣ ማለትም ከጥቁሩ ሽቦ መስመር፣ ጋር ለኩ። ዜሮ አካባቢ ካሳየ ለፕሮሰሰሩ መብራት ከሚቀያይሩት ትንንሽ ስዊቾች፣ ከሞስፌቶቹ፣ አንዱ ሾርት ሆኗል። መብራት አትስጡት። ከሶኬቱ አጠገብ ያሉትን ጥቅልሎች ስትለኩ ግን ጥቂት ኦም ብቻ ብታዩ አትደንግጡ፤ ፕሮሰሰሩ ሲቀመጥበት ያ ተፈጥሮው ነው። በዚህ ተሳስተው ደህና ሞስፌት የሚነቅሉ አሉ።

የቦርዱን ሰዓት የምታስኬደውን ባትሪም ለኳት። ሲአር 2032 ናት። አዲስ ስትሆን ከ3 ቮልት ትንሽ ትበልጣለች። ከ2.8 ከወረደች ቀይሯት፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው።

አሁን ቦርዱን ካርቶን ላይ አስቀምጡ። ኬዝ ውስጥ አትግጠሙት። ኬዝ ውስጥ ከቦርዱ ጀርባ የገባ ብሎን ሾርት ያደርጋል፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ያ ጥርጣሬ የለም። ቦርዱ የመጣበት ብርማ ከረጢት ላይም አታስቀምጡት፤ የአንዳንዱ ከረጢት ውጭው ገጽታ መብራት ያስተላልፋል። ፕሮሰሰሩን አስቀምጡ፣ የአተር ያህል ፔስት አድርጉ፣ ሙቀት የሚያወጣውን ብረት፣ ሄትሲንኩን፣ ግጠሙ። አራቱም እግሮቹ ቀጭ ማለታቸውን በቦርዱ ጀርባ አረጋግጡ። ፋኑን የፕሮሰሰር ፋን ተብሎ የተጻፈበት ላይ ሰኩ። ራም አንድ ብቻ ይሁን። ዲስክ የለም፣ ዩኤስቢ የለም፣ ስክሪኑም ይቆይ። የራሙ ወርቃማ ጥርሶች ከጠቆሩ በነጭ ለስላሳ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና ብናኙን በአልኮል አጽዱ።

ከዚህ በኋላ ዓይናችሁ ከዋት መለኪያዋ ላይ አይነሳ።

24ቱን ፒንና የፕሮሰሰሩን ገመድ ሰክታችሁ ፓወር ሰፕላዩን ስታበሩ መለኪያዋ ከ1 እስከ 3 ዋት ታሳያለች። ይህ ተጠባባቂው 5 ቮልት ነው። ገና ቁልፍ ሳይነካ 8 ወይም 10 ዋት ካያችሁ ቦርዱ ላይ የሚፈስ ነገር አለ። በጣታችሁ አትዳስሱ፤ ንቀሉና የትኛው ቺፕ እንደሞቀ ከዚያ በኋላ ፈልጉ። ሁሉም ደህና ከሆነ የፓወር ስዊቹን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ነካ አድርጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይታያል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ቁጥሩ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ቦርዱ ቁልፉን አልሰማም። ሌላ ፒን ነክታችሁ ይሆናል፤ ወይም ተጠባባቂው 5 ቮልት ቦርዱ ውስጥ አልደረሰም። ፕሮሰሰሩን ሳትጠረጥሩ ይህን አጣሩ።

ቁጥሩ ለቅጽበት ዘሎ ተመልሶ 2 ዋት ላይ ከተቀመጠ፣ ፋኑም ሩብ ዙር ዞሮ ከቆመ፣ ፓወር ሰፕላዩ ሾርት አይቶ ራሱን ዘግቷል። የፕሮሰሰሩን 12 ቮልት ገመድ ነቅላችሁ ድገሙት። አሁን ፋኑ መዞሩን ከቀጠለ ችግሩ ፕሮሰሰሩን በሚመግበው ክፍል ነው። አሁንም ከዘጋ ችግሩ ሌላ መስመር ላይ ነው።

ፋኑ እየዞረ ቁጥሩ ከ10 እስከ 15 ዋት ላይ ተተክሎ ምንም ካልነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ሥራ አልጀመረም። ፓወሩ አለ፤ ግን ትእዛዝ እየተነበበ አይደለም። ፕሮሰሰሩን አንሥታችሁ ፒኖቹን እንደገና እዩ። የሄትሲንኩንም ግፊት አላሉት። አንዱ ጎን ሲጠብቅ ፒኖቹ በእኩል አይነኩም፤ ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ። ቦርዱን የሚያስነሳው የመጀመሪያ ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ የተበላሸ ቦርድም እንዲሁ ነው የሚያሳየው።

ቁጥሩ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ጠፍቶ እንደገና የሚነሳ ከሆነና ይህ ከተደጋገመ ራሙን ጠርጥሩ። ራሙን ወደ ሌላው ቀዳዳ አዛውሩ፤ ባዮሱንም ባትሪዋን አውጥታችሁ ወደ መጀመሪያው መልሱት። ግን ትዕግሥት ይኑራችሁ። ባዮሱ ከጸዳ በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ረዘም ይላል። በዲዲአር 5 ቦርዶች ላይ ራሙን እስኪለማመድ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። መሃል ላይ መንቀል ሥራውን እንደገና ማስጀመር ነው።

ቁጥሩ ወደ 30 ወይም 40 ዋት ወጥቶ ከፍ ዝቅ እያለ ከቆየ ደስ ይበላችሁ። ቦርዱ ተነስቷል። ባዮስ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ስለማያርፍ ነው ይህን ያህል የሚወስደው። አሁን ስክሪኑን ሰኩ፤ ምስል ካልመጣ ችግሩ የገመድ፣ የስክሪን ወይም የግራፊክስ ነው። ኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ በኤፍ ፊደል ካለቀ ለምሳሌ የራሱ ግራፊክስ የለውም። የቦርዱ ኤችዲኤምአይ ዓመቱን ሙሉ ቢጠበቅ ምስል አይሰጥም። «ሞተ» የተባሉ ቦርዶችን ደህና ሆነው ያገኘኋቸው ከሁሉም በላይ እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ቦርዳችሁ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ግራፊክስና ዲስክ የሚሉ ትንንሽ መብራቶች ካሉት ከቁጥሩ ጋር አስተያዩአቸው። ትንሿ ድምፅ ማጉያም ካለቻችሁ ሰኳት። በብዙ ባዮስ አንድ አጭር ድምፅ ማለት ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው።

ምስል ሲመጣ ባዮስ ግቡ። የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠንና ሰዓቱ ልክ መሆናቸውን እዩ። ዲስኩ ኤኤችሲአይ በሚባለው የዲስክ አሠራር ላይ ይሁን። «መብራት ሲመለስ ምን ላድርግ» የሚለውን ምርጫ እንደ ሥራው ወስኑ። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር «ጠፍተህ ቆይ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ መብራት ሲመጣ የመጀመሪያው ቅጽበት ቮልቴጁ አይረጋም። ኢአርፒ የሚለውን ስታበሩት ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የሚወስደው ወደ ግማሽ ዋት ይወርዳል። በምትኩ በኪቦርድ ወይም በኔትወርክ ማስነሳት ይቀራል። ሲ-ስቴት የሚባሉትን የፕሮሰሰር ማረፊያዎች ግን አትዝጉ። «ኮምፒውተሩን ያፈጥናል» ብለው የሚዘጓቸው አሉ። ለጽሕፈት ማሽን ትርፉ የሚባክን መብራትና ሙቀት ብቻ ነው። ማመን ካስቸገራችሁ አንድ በአንድ እየቀየራችሁ መለኪያዋን ተመልከቱ። ሁለት ነገር አንድ ላይ አትቀይሩ፤ ልዩነቱ የየትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ሜምቴስት 86 ፕላስ በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ራሙን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ፈትሹ። አንዲት ቀይ መስመር እንኳ ከታየች ያ ራም ወይም ያ ቀዳዳ አይታመንም። ዊንዶውስ ከጫናችሁ በኋላ አፕዴቱ እስኪያልቅ ጠብቁ። ያን ጊዜ ምንም ሳይሠራ የሚወስደውን ለኩ። የእኛው ማሽን ከ20 እስከ 25 ዋት መሃል ተቀመጠ። 40 ላይ ቢቆም ኖሮ ወይ ማረፊያዎቹ ተዘግተዋል ወይ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም አለ ብዬ እፈልግ ነበር።

የጭነቱ ፈተና ፕሮሰሰሩን በሙሉ ጉልበት የሚያሠራው ፕሮግራም ፕራይም 95 ነው። ግማሽ ሰዓት ይሂድ። ሙቀቱን በኤችዋይንፎ ፕሮግራም ተከታተሉ፤ በመልቲሜትሩ ደግሞ ትርፍ ባለ 4 ፒን መሰኪያ ላይ ቢጫና ጥቁሩን ለኩ። ሶፍትዌሩ የሚያሳየው 12 ቮልት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስለሆነ በመልቲሜትሩ እመኑ። ከ11.4 ከወረደ ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር። የእኛው ማሽን በዚህ ጊዜ ከሶኬቱ 90 ዋት አካባቢ ወሰደ። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ነው። የቀረው ቦርዱ፣ ራሙ፣ ፋኑና ፓወር ሰፕላዩ ራሱ በሙቀት የሚያጠፋው ነው።

ሙቀቱን ከውጭ አገር ሰዎች ቁጥር ጋር ስታወዳድሩ አንድ ነገር አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ ሩብ በሚጠጋ ይሳሳል። ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ጥቂት ዲግሪ ብልጫ ካያችሁ ፔስቱ አይደለም። 80ዎቹ መጨረሻ ላይ ከደረሰ ግን ሄትሲንኩን እንደገና ግጠሙ።

ሌላው የእኛ ጉዳይ የቮልቴጁ መውረድ ነው። አምፖል ቮልቴጅ ሲወርድ ይደበዝዛል፤ ዋቱም ይቀንሳል። ፓወር ሰፕላይ ግን የሚፈልገውን ዋት አይቀንስም። ስለዚህ ከረንቱን ይጨምራል። 90 ዋት በ220 ቮልት ወደ 0.41 አምፒር ነው፤ በ180 ቮልት ወደ 0.5 ይወጣል። ለአንድ ማሽን ምንም አይደለም። ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ ለሚቀጥል ቤት ግን ሙቀቱ ስፒናው ላይ ይታያል። ፓወር ፋክተሩን የምታሳይ መለኪያ ያልኩትም ለዚህ ነው። የማስተካከያ ሰርኪዩት የሌለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ 0.6 አካባቢ ያሳያል። ለዚያው ዋት ሽቦውም፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤሱም የሚሸከሙት ከረንት ይበዛል። ባለ 650 ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፒር) ዩፒኤስ 650 ዋት አይሰጥም፤ ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ለዚህ ማሽንና ለስክሪኑ በቂ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ግን በፍጹም አይሰካበት።

የእናታችንን ጥያቄ በዚህ መለስኩ። በሥራ ላይ ሆኖ አማካዩ 30 ዋት፣ ስክሪኑ 20፣ በድምሩ 50 ዋት ነው። በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት፣ በ26 የሥራ ቀን 13 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። «እትዬ፣ ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ለአራት ሰዓት ያህል ሲጋገርበት ከሚወስደው ያንሳል፤ ያውም ለወሩ ሙሉ» አልኳቸው። ያ 13 ኪሎዋት ሰዓት ከካርዳቸው ምን ያህል እንደሚወስድ አብረን አየን። ካርዳቸውን ይበልጥ የሚነካው ፎቶኮፒ ማሽኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ሞቆ መጠበቁ ነው የሚበላው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ትተን የእሱን የእንቅልፍ ሰዓት አሳጠርን።

ኬዝ ውስጥ ከገጠማችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከጠረጴዛው ጋር ካልተቀራረበ ብሎን ወይም የፊት ዩኤስቢ ገመድ እዩ። ከዚያ አራቱን ቁጥሮች፣ ማለትም ሲጠፋ፣ ባዮስ ውስጥ፣ ሥራ ሲፈታና በሙሉ ጭነት፣ ከቀኑ ጋር በማርከር ጽፋችሁ የኬዙ ክዳን ውስጥ ለጥፉ። ከዓመት በኋላ ማሽኑ «ከበደኝ» ብሎ ሲመጣ ሥራ ሲፈታ የሚወስደው ከተጻፈው በ15 ዋት ከበለጠ መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ቁጥሩ ያው ሆኖ ሙቀቱ ብቻ ከጨመረ ፋኑን ከአቧራ አጽዱና ፔስቱን ቀይሩ።